አክስቱ እና ሌሎች

ዳይሬክተሩ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ነበረው። ሌላ ሰው ጠዋት ሲነሳ ሰማዩን አይቶ «ዣንጥላ ልያዝ ወይስ ይቅር» እንደሚለው፣ እሱ ስክሪኑን ያያል። ስክሪኑ ተቋሙ ከሌሎች የምርምር ተቋማት ስንተኛ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ተመራማሪም የጻፈው ጽሑፍ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ያሳያል። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኑን ወደ ግርጌው ሲያወርድ፣ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ቆሻሻ መስሎት በእጁ ሊጠርገው የሞከረው አንድ ስም አገኘ። አልጠረግ ሲለው የስሙን ባለቤት አስጠራው።

የስሙ ባለቤት የባዮኢንፎርማቲክስ ተመራማሪ ነው፤ የእንስሳትንና የእጽዋትን ጂን በኮምፒውተር ያጠናል። ዘመድ አዝማዱ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው «ዶክተር» የሚለውን ብቻ ነው። ባገኙት ቁጥር ሱሪያቸውን ሰብስበው «እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት» ይሉታል። የእሱ ዶክተርነት ጉልበት እንደማያውቅ ማስረዳት ሲሰለቸው «ሙቅ ውሃ ያዙበት» ማለት ጀመረ። የሚገርመው ብዙዎቹ ተሻላቸው፤ ስሙም ከዚያ ወዲያ ዶክተር ሆኖ ቀረ።

«ቁጭ በል» አለው ዳይሬክተሩ። «እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ተጠቅሰሃል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ራስህ ራስህን የጠቀስከው ሲቀነስ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱስ ምን አሉ?»

«አንደኛው ተሳስቷል ነው ያለኝ።»

«ሁለተኛውስ?»

«አንደኛው ያለው ልክ ነው ብሎ ነው።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ብዕሩን አስቀመጠና እንደ ሐኪም አዘነለት። «ስማ ወንድሜ፣ ምድር ቤት ያለውን የማቀዝቀዣ ክፍል ታውቀዋለህ አይደል? የሚጠብቀው ሰው ጡረታ ሊወጣ ነው። እስከሚቀጥለው ግምገማ ሰው ካልጠቀሰህ ወደዚያ አዛውርሃለሁ። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ይቀዘቅዛል ወይ ብለህ ታያለህ፤ ከሰዓትም ይቀዘቅዛል ወይ ብለህ ታያለህ።»

ዶክተር ማቀዝቀዣውን አሰበና ገና ሳይወርድ በረደው።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠበብ ያለች አፓርታማ ናት፤ የሚኖረውም ከአክስቱ ጋር ነው። አክስቱ የእናቱ ታላቅ እህት ናት፤ እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት የእኔ ነው ብላ አሳደገችው። የሥራ ዘመኗን በሙሉ ያሳለፈችው አውቶቡስ ተራ፣ ከማይክሮፎን ፊት ነው። የሚነሳውን አውቶቡስ፣ የሚዘገየውን አውቶቡስ፣ የጠፋውን ሻንጣ የምትጠራው እሷ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ድምፅዋ ጡረታ አልወጣም። «ራት ቀርቧል» ስትል ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ተነስተው እጃቸውን ይታጠባሉ።

ዶክተር በእጁ አንድ ያለቀ ሥራ ነበረው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ተመራማሪዎች የጂኖቻቸውን ስም የሚጽፉበት የሠንጠረዥ ፕሮግራም አጉል ሥራ ይወዳል። «ማርች» የሚባል ጂን ሲያይ «ኧረ ይሄማ የፈረንጅ ወር ነው» ይልና ወደ ቀን ይለውጠዋል። የስንቱ የካንሰር ጥናት፣ የስንቱ የስንዴ ጥናት በዚህ ምክንያት ጂኑ ጠፍቶ ቀን ብቻ ታቅፎ ቀርቷል። ዶክተር እንደዚህ ወር የሆኑትን ጂኖች እየለቀመ ወደ ስማቸው የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤ ስለ ፕሮግራሙም አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ማታ ከራት በፊት ለአንድ ጆርናል ሊልክ ሲል ድረ ገጹ በቀይ ፊደል መለሰበት፦ «ቢያንስ ሁለት ጸሐፊዎች ያስፈልጋሉ። ሳይንስ የጋራ ሥራ ነው።»

ዶክተር ቀና ብሎ ቤቱን ቃኘ። ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ ያለችው ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ያለችው አክስቱ ብቻ ናት።

«እትዬ፣ ስምሽን ላስገባው?»

«የት ነው የምታስገባው?»

«እዚህ ጽሑፍ ላይ። አብራኝ ሠርታለች ብዬ።»

«ዋስ ነው?»

«ዋስ አይደለም።»

«ምስክር ነው?»

«ምስክርም አይደለም። እንዲሁ ስም ነው።»

«ብትጠፋ እኔን አይይዙኝም?»

«ኧረ ማንም አያነበውም እትዬ! እስከ ዛሬ እኔን ማን አንብቦኝ ያውቃል?»

ይሄኛው አንጀቷን በላው። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ካሳደግኩህ አይቀር ስሜ ቢጠቅምህ ምን ከፋኝ። ግን አንብብልኝ፤ ያላወቅኩት ነገር ላይ ስሜ አይገባም።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላት። እሷም እንደ ቅዳሴ በትዕግሥት ሰማች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆመችው። «ይሄ 'በአንጻራዊነት' የምትለው ምን ማለት ነው?»

«ከሌላው ጋር ሲተያይ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንደሱ አትልም?»

ለወጠው። «አሁን ላከው በቃ» አለች። ድረ ገጹ የእሷንም የመልእክት አድራሻ ሲጠይቅ፣ የዘመድ ፎቶ እንድታይ ብሎ ስልኳ ላይ የከፈተላትን አድራሻ ሰጠ። የእሷ ስም በ«ሀ» ይጀምራል፣ የእሱ በ«ዘ»። ጆርናሉ ሁለቱን በፊደል ተራ አሰለፋቸውና እሷን ፊት፣ እሱን ኋላ አድርጎ አወጣው።

የሆነው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነው። ዓለም ለካ በወር ተቃጥሎ ነበር! በየቤተ ሙከራው ጂን የጠፋበት ሁሉ ፕሮግራሙን ወሰደ፣ ተጠቀመ፣ በጽሑፉም ጠቀሰ። ግን ጸሐፊ ሁሉ ቦታ መቆጠብ ይወዳል። የመጀመሪያዋን ስም ይጽፍና የቀረውን «እና ሌሎች» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ሥራው በዓለም ላይ የሚታወቀው የአክስቱን ስም አስቀድሞ «እና ሌሎች» እየተባለ ሆነ።

«ሁለት ብቻ እኮ ነን!» አለ ዶክተር ኮምፒውተሩን እያየ። «ሌሎች የተባልኩት እኔ ብቻዬን ነኝ?»

«ምነው፣ ብዙ አድርገው ነው ያዩህ» አለች አክስቱ ልታጽናናው።

የእሷ ስልክ ደግሞ ቀን ከሌት ይጮህ ጀመር። «ክብርት ፕሮፌሰር፣ በጉባኤያችን ላይ የክብር ተናጋሪ እንዲሆኑልን…» «ክብርት ፕሮፌሰር፣ ይህን ጽሑፍ እንዲገመግሙልን…» ለጠራ ሰው መልስ መንሳት ነውር ነው ብላ ታምናለችና ለእያንዳንዱ ትመልሳለች፦ «እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ስለሚያመኝ አልመጣም። ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ።» ግምገማ ለሚጠይቋት ደግሞ «ለፍቶ የጻፈውን ሰው አታስቀይሙት» ብላ ትልካለች። ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች በዚያ ዓመት ጽሑፋቸው አለፈላቸው።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ዶክተርን አስጠራው። ስክሪኑ አናት ላይ፣ የተቋሙን ትልልቅ ስሞች ሁሉ ረግጦ፣ የአክስቱ ስም ቁጭ ብሏል።

«ይቺ ሴት ማናት? በተቋማችን ስም ነው የጻፈችው፤ የደመወዝ ክፍል ግን አያውቃትም። አንተ ከኋላዋ አለህ። የት ነው ያለችው?»

«ቤት ናት።»

«ከቤት ሆና ነው የምትሠራው! እንዴት ያለች ዘመናዊ ሰው ናት!»

«አይ ጌታዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እሷ አክስቴ ናት። ምንም አልሠራችም። ስሟን ነው…»

«ዘመድህ ሆና ነው እስከ ዛሬ የደበቅካት?» ዳይሬክተሩ ተነሳ። «ምቀኝነት ከቤት ይጀምራል ሲሉ አላምንም ነበር። ነገ ይዘሃት ና።»

በማግሥቱ አክስቱ ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። የመጣችው እውነቱን ልትናገር ነው፤ ቤት ውስጥ እንደዚያ ተስማምተዋል። ዳይሬክተሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና «ክብርት ሆይ፣ ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ» አላት።

«እኔ ስለ ጂን የማውቀው ነገር የለም» አለች፣ ባሕርይዋ ነውና ሕንፃው ሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «እሱ ነው የሠራው። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።»

ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አዩ፣ ትልልቆቹ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት። ባዶ ጋን ነው የሚጮኸው።» እሷ ከማንም በላይ እየጮኸች መሆኗን ልብ አላለም። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ቢሮ ልስጥዎ። መስኮት ያለው። ቢመጡም ባይመጡም የእርስዎ ነው።»

አክስቱ ወደ ዶክተር ዞረች። ዶክተር ወለሉን ያያል። እሷ ቢሮ ኖሯት አያውቅም፤ አውቶቡስ ተራ የነበራት መስታወት የሌላት የቆርቆሮ ዳስ ናት። «እስቲ ልየው» አለች፣ ለማየት ብቻ። አየችው። መስኮቱ ዛፍ ያሳያል። ሞተር የማይጮኽበት፣ ጭስ የማይገባበት ክፍል ነው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ዞረ፤ እሷም ሳታስበው ሳቀች። ዶክተር ሊቆጣ ፈልጎ ሳቋን ሲሰማ አቃተው።

ለታላቅ ተመራማሪ ረዳት ያስፈልጋል ተባለና ዶክተር ረዳቷ ተደረገ። ጠረጴዛው ኮሪደሩ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተዘረጋለት። ማሽኑ ሲሠራ ጀርባውን ያሞቀዋል፤ ከማቀዝቀዣው ክፍል አንጻር ሲታይ ይህም ትልቅ ነገር ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

አክስቱ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አትወድም። «እስቲ አስረዳኝ» አለችው ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ፊቱ የጠቆረው ለምንድን ነው?»

«የሚጠቅሳቸው ስላጡ ነው።»

«መጠቀስ ማለት አንዱ የሌላውን ስም ማንሳት ነው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ እነዚህ በአንድ ኮሪደር እየኖሩ፣ በአንድ ሽንት ቤት እየተጠቀሙ፣ ስም መነሳሳት አቃታቸው?»

«ሥራቸው አይገናኝም እትዬ። አንዷ እንቁራሪት ነው የምታጠናው፣ አንዱ ሽንኩርት።»

«ሰው ካልተናናቀ የማይገናኝ ነገር የለም» አለችና ተነሳች።

ሁሉንም ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ሰበሰበቻቸው። እንቁራሪት የምታጠናዋ ቀጭን ሴት መጣች፤ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ እንቁራሪት» ነው የሚሏት። ሽንኩርት የሚያጠናው ሰውዬም መጣ፤ እሱ ደግሞ «ሽንኩርቴ» ነው፣ ስሙን ራሱም የረሳው ይመስላል። ሌሎችም ተሰበሰቡ። አክስቱ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት አስጽፋ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። በየወሩ አንድ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለትን ሰው ሁሉም በሚጽፉት ላይ ይጠቅሱታል። በሚቀጥለው ወር ሌላው።

«ይሄማ እከክልኝ ልከክልህ ነው» አለ ሽንኩርቴ።

«ታዲያ ጀርባህን ራስህ ማከክ ትችላለህ?»

ሽንኩርቴ ትንሽ አሰበ። እጁን ወደ ኋላ ላከና ሞከረ። አልደረሰም። «ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው?» አለ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለወይዘሮ እንቁራሪት ወጣ። ሽንኩርቴ ሦስት ቀን ተጨንቆ፣ ስለ ሽንኩርት ልጣጭ የጻፈው ላይ «እንቁራሪትም ብትሆን ቆዳ አላት» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባና ጠቀሳት። የስንዴው ሰውዬ «ስንዴ እንደ እንቁራሪት አይዘልም» ብሎ ጠቀሳት። የወባ ትንኝ የምታጠናዋ ልጅ አልተቸገረችም፤ እንቁራሪት ትንኝ ትበላለች። በሚቀጥለው ወር ለሽንኩርቴ ሲወጣ ወይዘሮ እንቁራሪት ውለታ መላሽ ነችና «እንቁራሪቶቹ በሚለኩበት ጊዜ የተመራማሪዋ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባን በተመለከተ ሽንኩርቴን ይመልከቱ» ብላ አሰፈረችለት። አሳታሚ ሁሉ አሳለፈው። ማንም አላነበበውማ!

ተቋሙ በስክሪኑ ላይ እንደ ፊኛ ወጣ። ዳይሬክተሩ ጠዋት ሲገባ ያፏጫል። ከሌሎች ተቋማት ልዑካን እየመጡ ኮሪደሩን ይጎበኙ፣ ብርጭቆውንም ፎቶ ያነሱ ጀመር።

ግን ሰው ባለበት ቅሬታ አይጠፋም። አንድ ቀን ወይዘሮ እንቁራሪት እያለቀሰች አክስቱ ቢሮ ገባች። «ሽንኩርቴ አዋረደኝ። በራሴ ወር ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር በአንድ ቅንፍ ውስጥ ነው የጠቀሰኝ። ይሄ መጠቀስ ነው ወይስ አውቶቡስ ውስጥ መታፈን ነው?» ስለ አውቶቡስ መታፈን ከአክስቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽንኩርቴን አስጠርታ ይቅርታ አስጠየቀችው፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ ወይዘሮ እንቁራሪት ብቻዋን፣ ሰፊ ቅንፍ ውስጥ እንድትቀመጥ ተፈረደ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ቀኑ ይመሻል። እንቁራሪቶቹን የሚመግብ ጠፍቶ መጮህ ጀመሩ። የሽንኩርቱ ናሙና በቅሎ ጣራ ሊነካ ደረሰ። ምርምር የሚሠራ ቀረ።

የዶክተር ወር ደረሰ። እሱም ሰው ነውና ልቡ ደስ ብሎታል፤ ኮሪደሩ ሁሉ አንድ ላይ ጠቀሰው። ወሩ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ በሌለበት ስክሪኑን ሊያይ ገባ። ስሙ ያው ግርጌ ላይ ነው። ቁጥሩም ያው ሁለት ነው፤ ተሳስቷል ያለውና ልክ ነው ያለው። ባልደረቦቹ የጠቀሱት የሚያውቁትን አንዱን ሥራውን ነበር፤ ያ ደግሞ የሚቆጠረው ለመጀመሪያዋ ጸሐፊ ነው። የእሱን ወር በሙሉ አክስቱ ወሰደችው።

ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ራትህ ቀዘቀዘ» አለች።

«አልበላም።»

«አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። እኔ ምን እሆናለሁ? እኔ ሌሎች ነኝ! ሌሎች አይታመሙም፣ ሌሎች አይርባቸውም። ሥራዬን ወሰድሽው፣ ወንበሬን ወሰድሽው፣ ተራዬንም ወሰድሽው!»

አክስቱ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከጠረጴዛው ወዲያ አልተሻገረም።

«ስሜን የለመንከኝ አንተ ነህ። ሰጠሁህ። አልፈልግም ካልክ ዛሬውኑ አስፍቀው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም፣ የሰው አገር፣ የሰው ሻንጣ ስጠራ ነው የኖርኩት። የእኔን ስም የጠራልኝ አልነበረም። አሁን በዚህ ጉድ ምክንያት አንድ የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር ሆኖ፣ ስሜን ጽፎ ሲልክልኝ ደስ አለኝ። ውሸት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ትንሽ ደስ ቢለኝ ወንጀል ነው?»

ዶክተር ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ የቀዘቀዘውን በላ። ይቅርታ ሊላት ነበር፤ ነገር ግን ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት፣ በብስጭቱ ወቅት፣ ለጆርናሉ ደብዳቤ ልኮ ነበር። «አክስቴ ጸሐፊ አይደለችም፤ ስሟ ይውጣ» ብሎ። የተላከ ነገር ደግሞ እንደ ተተፋ ምራቅ ነው፤ አይመለስም።

ጆርናሉ መርማሪ ላከ። መርማሪው የሚንከባለል ሻንጣ የሚጎትት፣ ፊቱ እንደ ማኅተም የደረቀ ሰው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ኮሪደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። መርማሪው አራት ጥያቄዎች እንዳሉት፣ አራቱን የመለሰ ጸሐፊ እንደሚባል፣ አንዱን እንኳ የወደቀ እንደማይባል አስታወቀና ከአክስቱ ጀመረ።

«ለሥራው ምን አበርክተዋል?»

«ምንም» አለች አክስቱ። ዛሬ ድምፅዋ ተመልሷል፤ ማይክሮፎን ሊሰጣት የመጣው ልጅ ይዞት ተመለሰ። «ቤቴን፣ መብራቴን፣ ራቱን።»

መርማሪው እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ። «የምርምር ቦታ፣ ኃይልና ስንቅ አቅርበዋል። ረቂቁን አይተው ያረሙት አለ?»

«'በአንጻራዊነት' የሚለው አልገባኝም ብዬ አስወጣሁት። ሌላ ምንም የለም።»

«በጥሞና መርምረው አርመዋል። የመጨረሻውን ቅጂ አጽድቀዋል?»

«'ላከው በቃ' አልኩት እንጂ ምን አጸድቃለሁ።»

«አጽድቀዋል። ስሕተት ቢገኝበት ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?»

«የእሱን ጥፋት ያልወሰድኩበት ቀን አለ? በኳስ የጎረቤት መስታወት ሲሰብር ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ይወስዳሉ» አለ መርማሪው፣ ገጹንም ገለበጠ። ወደ ዶክተር ዞረ። «አንተስ ምን አበረከትክ?»

«ሁሉንም። ፕሮግራሙንም ጽሑፉንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ረቂቁን አይተህ ያረምከው አለ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! የማንን አርማለሁ?»

«አላረመም። የመጨረሻውን ቅጂ ማን አጸደቀ?»

«እሷ 'ላከው' ስትለኝ…»

«አላጸደቀም። ጽሑፉ እንዳለ እውነት ነው ብለህ ኃላፊነት ትወስዳለህ?»

«አልወስድም! የጸሐፊዎቹ ስም ሐሰት ነው፤ ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ አይደል?»

መርማሪው ብዕሩን ከደነ። «ጉዳዩ ግልጽ ነው» አለ። «ወይዘሮዋ ጸሐፊ ናቸው። ይሄኛው ሰው አይደለም። ስሙ ከጸሐፊዎች ተርታ ወጥቶ ምስጋና ክፍል ውስጥ ይገባል።» ወዲያው ቃሉን አርቅቆ አነበበው፦ «ለእህቴ ልጅ፣ ስለ ትየባ እገዛው።»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ስብሰባ ሲያልቅ ማጨብጨብ ለምዷላ። ወይዘሮ እንቁራሪት ብቻ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሽንኩርቴ አጠገቡ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገውና «አይዞህ፣ ምስጋና ክፍልም ሰው ያነበዋል… መሰለኝ» አለው።

ዶክተር ኮሪደሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። አክስቱ ካፖርቷን እንደለበሰች ከክፍሏ ወንበር አምጥታ ጎኑ ተቀመጠች። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያጉረመርማል።

«ትየባ አሉት» አለች በመጨረሻ።

«እገዛ አሉት ደግሞ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። ያ የአውቶቡስ ተራ ሳቋ ኮሪደሩን ሞልቶ ወደ ደረጃው ሲወርድ፣ እሱንም ያዘው፤ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ እስኪደፋ ድረስ ሳቀ። ከየበሩ ጭንቅላቶች ብቅ አሉ። «በእናትህ ስም» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ የኮምፒውተሩን መክፈቻ እንኳ አላውቀውም!»

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«እኔንም ይቅር በለኝ። ወንበሩ መዞሩ ነው ያሳሳተኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ሥራ መልቀቋን ነገረችው። ዳይሬክተሩ ወደ ስክሪኑ አይቶ ላብ አጠመቀው። ቢለምናት፣ ፎቅ ልጨምርልዎ ቢላት፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «ደረጃው ወገቤን ገድሎኛል። እንቁራሪቶቹም ይጮሃሉ፤ ሴትየዋ ትመግባቸው፣ ብርጭቆውንም ለውሃ መጠጫ አድርጉት።»

«እሺ፣ ስምዎ ብቻ ይቅርልን!»

«ስሜንማ የት አደርሰዋለሁ? ይቅር።»

ስለዚህ ስሟ ቀረ። ቢሮውም በስሟ ቀረ። ሰው የሌለበት ቢሮ አቧራ ይይዛልና፣ ዶክተር ከኮሪደሩ ተነስቶ ክፍሉን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሥራው ጠዋት መስኮት መክፈትና ማታ መዝጋት ነው ተባለ። በመሀል ያለውን ጊዜ ማንም አልጠየቀውም። የማቀዝቀዣውን ነገርም ዳይሬክተሩ ረሳው፤ ክፍል ጠባቂ ከሆነ ወዲህ ዶክተር ከተመራማሪዎቹ ዝርዝር ወጥቶ፣ ከስክሪኑ ከነአካቴው ጠፍቶ ነበርና።

እሱም ተረጋግቶ መሥራት ጀመረ። ዛፉን እያየ አንድ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ የተቆራረጡ የጂን ፋይሎችን የሚገጣጥም። ብቻውን፣ በስሙ፣ ማንም በማያውቃት አንዲት አነስተኛ ጆርናል ላይ አወጣው። ሳምንታት አለፉ፤ የጠቀሰው አልነበረም።

አንድ የእረፍት ቀን ከሰዓት ግን፣ አክስቱ ሳሎን ልብስ ስትተኩስ እሱ ኮምፒውተሩ ጋ እንደተቀመጠ፣ ከማያውቃት አንዲት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ መልእክት መጣለት። «ፕሮግራምህ እኔ ጋ አልከፈት አለኝ» ትላለች። መለሰላት። እንደገና ጻፈች፤ አሁን ተከፍቶ ፋይሉን አላነብ ብሏል። መለሰላት። ፋይሏን ላከችለት፤ ከፍቶ አየው፣ ያልጠበቀውን ስሕተት አገኘ፣ አስተካክሎ ላከላት። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ መጣ፦ «ሠራ!»

«ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትስቀው?» አለች አክስቱ።

«ሠራ አለችኝ።»

«ማናት እሷ?»

«አላውቃትም።»

አክስቱ ካውያውን አቆመች። «ትጠቅስሃለች?»

«እንጃ። አልጠየቅኳትም።»

«ተዋት፣ አታስጨንቃት» አለችና ወደ ሸሚዙ እጅጌ ተመለሰች። ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ፤ አሁን ደግሞ ውጤቱን ማተም አቅቷታል። ዶክተር ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ።